ከጉዞ በፊት የሚጠየቁ ሁለት ነገሮች

በጁባ ከተማ፥ አማራት በሚባለው ሠፈር፥ አራት ወዳጆች ሆነን ከካምቦዲያ እስከ ቬትናም በሜኮንግ ወንዝ ላይ በመርከብ ለመጓዝ ስንመክር ሰነበትን። ሁላችንም የተከራከርነው የዕረፍት ፈቃድ ስለምናገኝበት ወር ነበር፤ ስለ ወንዙ ግን የጠየቀ አልነበረም።

በካምቦዲያ የሚገኘው የቶንሌ ሳፕ ሐይቅ በዝናም ወራት ከሜኮንግ በሚመለሰው ውኃ ይሞላል። በበጋ ግን ስለሚጐድል ትልልቅ መርከቦች አያልፉበትም፤ መንገደኞችም ያን ያህሉን መንገድ በአውቶቡስ ይሄዳሉ። ይህ ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፥ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች እስከዚያ የሚደርሱት የባሮ ወንዝ በሚሞላበት በክረምት ወራት ነበር።

ሁለተኛው ነገር ገንዘብ ነው። ከመካከላችን አንዱ ወዳጃችን ምክሩን ሁሉ ዝም ብሎ ይሰማ ነበር፤ እኛም ዝምታውን እንደ እሺታ ቈጠርነው። ቀብዱ ሊከፈል ሁለት ቀን ሲቀረው ለብቻው ብጠይቀው፥ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ለመርከቡ ሊያውለው እንደ ነበረ ገለጠልኝ። ስለዚህ ጉዞውን በአንድ ዓመት አዘገየነው፤ እርሱም ዛሬ ደስ ብሎት ያወጣል ያወርዳል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የመርከቡን ዋጋ ከመጠየቅህ አስቀድመህ የወንዙን ወራትና የወዳጅህን ዐቅም ጠይቅ።