ከአንገት የሚጀምረው ሹራብ

«መርሳ ላይ ደግሞ ሹራብ ምን ያደርጋል?» የምትሉ አንባቢዎች እንደማትጠፉ አውቃለሁ። የሐብሩዋ መርሳ ከወልድያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል በደሴ መንገድ ወረድ ብላ የምትገኝ ሞቅ ያለች የፍራፍሬ አገር ናት። እኛ ወልድያ ላይ በታኅሣሥ ጧት ጋቢ ደርበን ስንወጣ የመርሳ ሰው በሸሚዝ ይዞራል። ዛሬ የማወጋችሁ ሹራብ ግን ወፍራሙ የደጋ ሹራብ አይደለም። በቀጭን የጥጥ ክር የሚሠራ፣ እንደ ዳንቴል ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ነፋስ የሚያሳልፍ የልጅ ሹራብ ነው። የምትሠራው የታላቅ እኅቴ ልጅ ናት፤ የሚሠራውም ሰባት ዓመት ለሞላት ሴት ልጇ ነው።

የእኅቴ ልጅ ከጅዳ ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም። ስትሄድ ልጇ ሁለት ዓመቷ ነበር። አምስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ፣ ታናናሾቿን አስተምራ፣ የእናቷን ቤት ቆርቆሮ አስቀይራ መጣች። ይህ ለሐብሩ ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ በየመንደሩ መንገድ ዳር ቆሞ ዘመዱን የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር። ከዚያ ወዲህም መሄዱም መመለሱም አልቆመም። እስከዚያው ልጆቹን የሚያሳድጉት አያቶች ናቸው። የእኅቴ የልጅ ልጅም አያቷን «እማዬ» ትላለች። እናቷን የምትጠራት ግን የቤቱ ልጆች እንደሚጠሯት «እታለም» ብላ ነው። ማንም ክፉ አስቦ አላስተማራትም፤ ስትሰማ ያደገችውን ነው የያዘችው።

እናትየው ወልድያ ቤት ተከራይታ መሥራት፣ ልጅቷንም በመስከረም እዚያው ትምህርት ቤት ማስገባት ትፈልጋለች። ይህን ለእኔ ከነገረችኝ ቆይታለች፤ እናቷ ፊት ለማንሳት ግን አፏ አልፈታ ብሏት ከረመ። ሹራቡ የተጀመረው በዚህ መሐል ነው።

የሹራብ ሥራን የተማረችው ጅዳ ሳለች ማታ ማታ ከስልኳ ነው። እስከዛሬ የሠራችው ሁለት ስካርፍ ብቻ ነው፤ ስካርፍ ደግሞ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ብዙ አያስቸግርም። ይህኛው ንድፉ በቃላት አልተብራራም፤ በካሬ ወረቀት ላይ የተሣለ ነው። መጀመሪያ ያደረግነው ወልድያ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ በትልቅ ወረቀት ማስወጣት ነበር። በስልክ ላይ ካሬ መቁጠር ዓይን ማጥፋት ነውና እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

እያንዳንዱ ካሬ ኪሮሹ ላይ ያለች አንዲት ቀለበት ናት። እኛ ቤት ቀለበቷን «ዓይን» ስለምንላት በዚሁ ልቀጥል። ባዶ ካሬ ማለት ተራ ዓይን ነው። ክብ ምልክት ሲመጣ ክሩ ኪሮሹ ላይ አንዴ ይጠመጠማል፤ ያ ጥምጥም በሚቀጥለው ዙር ሲሠራ ቀዳዳ ይሆናል። ወደ ቀኝ ያዘነበለ ሰረዝ ሁለት ዓይን አንድ ላይ ወደ ቀኝ ተጋድሞ ይሠራ ይላል፤ ወደ ግራ ያዘነበለውም እንዲሁ በግራ። አራት ምልክት ብቻ ነው፤ ቅጠሉም ሐረጉም ከእነዚህ ነው የሚወጣው።

ያስቸገራት አነባበቡ ነበር። ንድፉ ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፤ የእጃችን ሥራ የሚሄደው በዚያ አቅጣጫ ስለሆነ። እየተመላለሱ ለሚሠሩት ሥራ በመልሱ ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፤ ባለ ገመድ ኪሮሽ ላይ በዙሪያ ለሚሠራው ግን ሁልጊዜ ከቀኝ ነው። መድረሳ የሚውለው የጎረቤት ልጅ ወረቀቱን አየና «እንደ ቁርኣን ነዋ! ከዚህ ነው የሚጀመረው» ብሎ የቀኙን ጥግ በጣቱ ነካ። እሷም አምስት ዓመት ሙሉ የጅዳን የሱቅ ስም ስታነብ ኖራ ይህ እንዳልታያት ሲገባት ሳቀች። አንድ ሌላ ነገርም አለ። ሹራቡ ከአንገት ወደ ታች ስለሚወርድ ወረቀቱ ላይ ወደ ላይ ያለው ሲለበስ ወደ ታች ይሆናል። ስለዚህ በንድፉ ላይ ቅጠሎቹ ተዘቅዝቀው ብታዩ ስሕተት አይደለም፤ ልጅቷ ስትለብሰው ይቃናሉ።

የዚህ ዓይነቱ ሹራብ እጅጌው ለብቻ ተሠርቶ ትከሻ ላይ አይሰፋም። ከአንገት እስከ ብብት በሚወርዱ አራት ሰያፍ መስመሮች ደረቱ፣ ጀርባውና ሁለቱ እጅጌዎች አንድ ላይ እየሰፉ ይወርዳሉ። ስሙ ራግላን ነው፤ የእንግሊዙ ጄኔራል የሎርድ ራግላን ስም። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1815 በዋተርሎ ጦርነት ቀኝ እጁን አጥቷል፤ ኮቱን ለመልበስ እንዲመቸው እጅጌው እስከ አንገት እንዲደርስ ተደርጎ ተሠራለት ይባላል። በኋላ የክሪሚያን ጦር እየመራ እዚያው በ1855 ሞተ፤ የእኛው ዐፄ ቴዎድሮስ ነግሠው ወደ ወሎ በዘመቱበት ዓመት ማለት ነው። ፊቱ የሚከፈተው ባለ ቁልፍ ሹራብ ካርዲጋንም ስሙን ያገኘው በዚያው ጦርነት ከነበረ ሌላ መኰንን ነው። ኪሮሽና ዳንቴል ደግሞ ከፈረንሳይኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ ዳንቴል ትርጉሙ «ትንሽ ጥርስ» ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን በዳንቴል ይሸፈን በነበረበት ዘመን ያደጋችሁ ጠርዙን አስታውሱት፤ ስሙ ልክ ነው።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። አንገቱ 88 ዓይን ነው፦ ለደረት 28፣ ለጀርባ 28፣ ለእያንዳንዱ እጅጌ 14፣ ለአራቱ መስመሮች አንድ አንድ። በየሁለት ዙሩ በእያንዳንዱ መስመር ግራና ቀኝ አንድ አንድ ይጨመራል፤ በአንዴ ስምንት መሆኑ ነው። ሃያ ጊዜ ሲጨመር 248 ይሞላል። ከዚያ የእጅጌዎቹ ዓይኖች በብጣሽ ክር ላይ ይሰበሰቡና ይቆያሉ፤ ደረትና ጀርባው በብብት ሥር ጥቂት ተጨምሮባቸው በ152 ዓይን ወደ ታች ይቀጥላሉ።

152 ዓይን ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? በእጃችሁ ይወሰናል። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 22 ዓይን ከገባ ዙሪያው 69 ይሆናል። እጃችሁ ላላ ብሎ 20 ብቻ ከገባ 76 ነው። የሰባት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ለልጅ ብዙ ነው። መሐረብ የምታህል ሙከራ ሠርቶ በሜትር መለካት ጊዜ ማባከን የሚመስለው ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል። የልጅቷን ልክ ደግሞ እናትየው ጅዳ ሆና በስልክ ነበር የጠየቀችው። እኅቴ «ሦስት ስንዝር ናት» አለቻት። ልጅ የራሷን ስንዝር ለክታ 20 አገኘችና 60 ብላ ጻፈች። መጥታ በሜትር ስትለካት 63 ሆነች። የእኅቴ ስንዝር ይረዝማል፤ ልጅቷን የለካቻት በራሷ እጅ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ደረስን። አንዱ ቅጠል ስምንት ዓይን ይፈልጋል። አንገቱ ሥር ደረቱ ላይ ሦስት ቅጠል ይገባል፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት ዓይን ይተርፋል። ሹራቡ ሲሰፋ በዳር አዳዲስ ዓይኖች ይመጣሉ። የእኅቴ ልጅ አራት አዲስ ዓይን ስታይ ግማሹን ቅጠል ጀመረች። ደረቱ 44 መሆን ሲገባው 47 ሆነ። ሦስት ማታ ቆጠረች፣ ፈታች፣ መልሳ ቆጠረች፤ ምክንያቱ አልገባትም።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ በእንዲህ ዓይነት ሥራ እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ዓይን ይጨምራል፣ እያንዳንዱ ጥንድ ደግሞ አንድ ዓይን ይቀንሳል። ሁለቱ ሲገናኙ ቁጥሩ አይናወጥም። ቀዳዳው ቦታ አግኝቶ ጥንዱ ሰያፉ መስመር ላይ ወድቆ ከቀረ ግን ቁጥሩ ያብጣል። ስለዚህ ለሁለቱም ቦታ ከሌለ ሁለቱም አይሠሩም፤ ቦታው በተራ ዓይን ይሞላል።

ይህን ያስረዳቻት እኔ አይደለሁም። ካሬ ወረቀት በዓይኗ አይታ የማታውቀው እናቷ ናት። እኅቴ በመርሳ የታወቀች ስፌት ሰፊ ናት። ከግድግዳ ላይ አንድ ሌማት አውርዳ ጭናቸው መሐል አስቀመጠችው። ስፌትም ከመሐል ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ነው፤ ስንደዶው ይዞራል፣ ቀለም የገባው አክርማ በወስፌ ይጠመጠምበታል፣ ዙሩ በሰፋ ቁጥር ለሐረጉ አዲስ ቦታ ይገኛል። «ሐረግ በጠባብ አይጀመርም» አለቻት በጣቷ እያሳየች፤ «ሜዳውን ስፊው፤ ሲበቃሽ ያኔ ጀምሪ። ይኸው፣ እዚህ ሦስት፣ እዚህ አምስት።» ልጅ ሌማቱንና ወረቀቱን ጎን ለጎን ይዛ ረዥም ጊዜ አየች። ሹራቡም በዚያው ሄደ፦ ስምንት ጊዜ ሲጨመር አምስት ቅጠል፣ ዐሥራ ስድስት ጊዜ ሲጨመር ሰባት። ወረቀት የሌለው የቁጥር ትምህርት በየቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንዳለ የማስበው እንዲህ ያለውን ሳይ ነው።

እኔ የጨመርኩላት አንድ ነገር ብቻ ነው። በየዐሥር ዙሩ ቀለሙ የተለየ ቀጭን ክር በመርፌ በዓይኖቹ ሁሉ ውስጥ ማሳለፍ። ሥራው ቢበላሽ እስከዚያ ክር ድረስ ይፈታል፤ ከዚያ በታች አይወርድም። ተራ ሹራብ ሲፈታ ዓይኑን መልሶ መልቀም ይቻላል፤ ቀዳዳ ያለው ግን ጥምጥሙ ከሾለከ የት እንደነበር አይገኝም።

ለቁጠባ ብላችሁ አትጀምሩት። በሰልባጅ ገበያ የልጅ ሹራብ ከክሩ ዋጋ ባነሰ ይገኛል።

ከአንገት የሚጀመር ሹራብ ግን ሌላ ጥቅም አለው፤ ሳያልቅ ይለካል። ዓይኖቹን ረዘም ያለ ክር ላይ አውጥቶ በልጁ ራስ ማጥለቅ ነው። በመጀመሪያው ልኬታ ልጅቷ አያቷ ጀርባ ተደበቀች፤ አያቷ ነበረች አጥልቃ ያሳየቻት። በሁለተኛው ራሷ መጥታ ቆመች፣ እጇን ዘረጋች፣ እናቷ ብብቷን ስትለካ ኮረኮራትና ሳቀች፣ ቅጠሎቹንም አጎንብሳ ቆጠረች። እኅቴ በሩ ጋ ተቀምጣ አክርማ እየሰነጠቀች ነበር። ቀና ሳትል «እጅጌው ለመስከረም ይደርሳል? ወልድያ ጧት ጧት ይበርዳታል» አለች።

ያን ማታ እናትና ልጅ እስከ ስድስት ሰዓት ሲነጋገሩ አመሹ። ልጅቷ በዚህ ዓመት መርሳ ትጨርሳለች፤ በመስከረም ወልድያ ትገባለች፤ ቅዳሜና እሑድን ስንት ጊዜ መርሳ እንደምታድር ግን ገና አልተስማሙም። እኅቴ «ሁሉንም» ትላለች። ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ሁለቱም አንብበውታል፤ እኅቴ የስፌቱን ነገር አርማልኛለች፣ ሌላውን ዝም ብላ መለሰችልኝ። ልጅቷ እናቷን እስካሁን «እታለም» ነው የምትላት።

አሁን የቀረው እጅጌው ነው፤ ክሩ ደግሞ እያለቀ ነው። ወልድያ ያሉትን ሱቆች ዞርን፣ ቢጫ አለ፣ ያው ቢጫ ግን የለም። ክር ስትገዙ በመጠቅለያው ላይ ያለውን የማቅለሚያ ቁጥር እዩ፤ በሁለት ጊዜ የተነከረ አንድ ቀለም ጎን ለጎን ሲሆን ይለያል። ያለን ክር ሁለቱንም እጅጌ እስከ ክርን ያደርሳል። ከዚያ በኋላ ይታጠብና ሳይጨመቅ በፎጣ ላይ ተወጥሮ በስፒል ተይዞ በጥላ ይደርቃል፤ ተጨማድዶ የነበረው ቅጠል የሚዘረጋው ያኔ ነው። የቀረውን የእጅጌ ግማሽ በሌላ ቀለም እንቀጥል ወይስ አጭር ይሁን ብለን ስንከራከር ባለቤቷ ራሷ ወሰነች። አጭር ይሁን አለች፤ መርሳም እንድትለብሰው።