ለመከልከል ብቻ የምንመረምረው ደም

ጉበትን በደንብ የምናውቃት በዱለት ሳህን ላይ ነው። ስናዝን «አንጀቴ ተላወሰ» እንላለን፤ ስንናደድ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን፤ ልብማ የዘፈኑን ግጥም ሁሉ ጠቅልሎ ይዞታል። ጉበትን የሚያነሳት የለም። እሷም ብትሆን ስሞታ አታውቅም። ከቀኝ ጎድናችን ሥር ተሸጉጣ፣ ኪሎ ተኩል ገደማ እየመዘነች፣ የበላነውን ታሰናዳለች፣ መርዙን ታጣራለች፣ ደም የሚያረጋውን ፕሮቲን ትሠራለች። ስትቆስል እንኳ አትጮህም፤ ውስጧ ሕመም የሚሰማ ነርቭ የላትም። ዛሬ ብዕር ያነሳነው ስለዚች ዝምተኛ ነው። የምንከሰው ግን የእሷን ዝምታ አይደለም፤ የእኛን ነው።

ነገሩን ያስጀመረችን የአንዷ ጓደኛችን ታናሽ እህት ናት። በ2015 ዓ.ም. ወደ አንድ የዓረብ አገር ለሥራ ልትሄድ ፓስፖርት አወጣች፣ ለደላላ ከፈለች፣ ሜዲካል ገባች። ከሦስት ቀን በኋላ «ወድቀሻል» ተባለች። ወረቀቱ ላይ «አንፊት» ከሚለው ማህተም አጠገብ «ኤች ሲ ቪ ፖዘቲቭ» ተጽፎበታል። ምን ማለት ነው ብላ ብትጠይቅ «ጉበትሽ ላይ ቫይረስ አለ» ተባለችና ቀጣዩ ስም ተጠራ። በቃ። የት እንደምትሄድ የነገራት የለም። ሁለተኛ ምርመራ እንዳለ የነገራት የለም። የሚድን በሽታ መሆኑንማ ማን ይንገራት? ደላላው ብሩን አልመለሰም። እናቷ ፈርተው ብርጭቆዋን ከሌሎቹ ለዩ። ጎረቤት ደግሞ የወፍ በሽታ መድኃኒት የሚያውቁ አዋቂ አሉ ብሎ አድራሻ አመጣ።

ይህን ስንሰማ እርስ በርስ ተጠያየቅን። ስድስት ነን። ስድስታችንም ኤች አይ ቪ ተመርምረናል፤ አንዳንዶቻችን ደጋግመን። ሄፓታይተስ ሲ የተመረመረው ግን አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እሱም ደም ስለለገሰ ነው፤ ደም ባንክ የተለገሰውን ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለቂጥኝ ሳይመረምር ለማንም አይሰጥምና።

እንግዲህ ልብ በሉ። እንደኛ ዓይነቱ ጤነኛ የሚመስል ወጣት ይህን ቫይረስ በአብዛኛው የሚመረመረው ሁለት ቦታ ነው፦ ደሙ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ሲል እና ጉልበቱ ለሌላ አገር ሊሸጥ ሲል። ሁለቱም ቦታ ጥያቄው «ሌላውን ይጎዳል ወይ?» የሚል ነው። ደም ባንኩን አንወቅስም፤ በሽተኛውን ከተበከለ ደም መጠበቅ ሥራው ነው። የምንጠይቀው ሌላ ነው። «አንተስ ደህና ነህ ወይ?» ብሎ የሚመረምረን የት ነው ያለው?

ለመሆኑ ይህ ቫይረስ ምን ያደርጋል? የሚተላለፈው በደም ነው። በንጽህና ባልተያዘ መርፌ፣ ባልተመረመረ ደም፣ አንዱ ምላጭ ለብዙ ሰው በሚያገለግልበት ዋግምት፣ ንቅሳት፣ እንጥል ማስቆረጥ። ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ሊያልፍ ይችላል፤ በግብረ ሥጋ የሚተላለፈው አልፎ አልፎ ነው። በጉርሻ አይተላለፍም። በመተቃቀፍ አይተላለፍም። በብርጭቆም አይተላለፍም፤ እማማ ይስሙን!

ከተያዙት አሥር ሰዎች ሦስቱ ገደማ በስድስት ወር ውስጥ ያለ አንዳች መድኃኒት ቫይረሱን ራሳቸው ያጸዱታል። በሰባቱ ላይ ግን ሥር ይሰዳል። ቫይረሱ የጉበት ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ሰውነት ደግሞ ጠላቱን አጠፋለሁ ብሎ ሲዘምት ጉበቱን ራሱን ያቆስላል። ቁስሉ በጠባሳ ይሞላል። ጠባሳ በጠባሳ ላይ ሲደረብ ለስላሳው ጉበት ይጠጥራል፤ ሐኪሞች ሲሮሲስ የሚሉት ይህን ነው። በሽታው ሥር ከሰደደባቸው መቶ ሰዎች ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት በ20 ዓመት ውስጥ እዚህ ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ ደም በጠጠረው ጉበት ማለፍ ሲያቅተው ወደ ኋላ ይገፋል። ሆድ ውሃ ይቋጥራል። የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮች ያብጡና አንድ ቀን ሊፈነዱ ይችላሉ። ያልተጣራው መርዝ አንጎል ይደርስና ሰውየው ቀኑን ከሌሊቱ መለየት ይሳነዋል። የጉበት ካንሰርም ከኋላ አለ።

ይህ ሁሉ እስኪመጣ ድረስ ሰውየው ሥራ ይገባል፣ ኳስ ያያል፣ ይድራል፣ ይኳላል። ምናልባት ትንሽ ይደክመዋል። በልጅነቱ የነካው ምላጭ ቤተሰብ ከመሠረተ በኋላ ሊጠይቀው ይመጣል። ያን ጊዜ ሰፈሩ የራሱን ምርመራ ያደርጋል። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ «የወፍ በሽታ ነው፣ መርፌ እንዳይነካው!» ይባላል። ሆዱ ከተነፋ «አረቄው ነው» ይባላል፤ ጠጥቶ የማያውቅ ከሆነም መተት አለለት። የዓለም ጤና ድርጅት ቆጠራ እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህ ቫይረስ ምክንያት በዓለም ላይ 242,000 ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎችም 50 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ የሚያውቅ ይመስላችኋል? ብዙው አያውቅም።

ወደ እህታችን እንመለስ። ያ «ፖዘቲቭ» ያሰኛት ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነታችን ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱ ከጠፋ በኋላም በደም ውስጥ ይቀራል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የቆመ ሐውልት በሉት። ጦርነቱ አሁንም መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልጋል። ጓደኛችን እህቷን እየጎተተች፣ ገንዘብ እያዋጣን፣ ከስምንት ወር በኋላ ሁለተኛው ተሠራላት። ቫይረስ የለባትም። ከሦስቱ ዕድለኞች አንዷ ነበረች። ስምንት ወር ሙሉ በሌለ በሽታ ከሥራ፣ ከጉዞ እና ከእናቷ ብርጭቆ ተለይታ ከርማለች።

«ታዲያ ተገላገለች፣ ምን ትጮሃላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። የምንጮኸው ለሰባቱ ነው። ያችን ወረቀት ይዘው ቤታቸው ለገቡት፣ ወረቀቷን ቀደው ለጣሉት፣ ሁለተኛ ምርመራ መኖሩን ለማያውቁት። ምክንያቱም በሽታው ይድናል። ጋብ ይላል ማለታችን አይደለም፤ ይድናል ነው የምንለው። ይህ ቫይረስ እንደ ኤች አይ ቪ በዘረ መላችን ውስጥ ተሰክቶ አይደበቅም፤ ስለዚህ ከሥሩ ይነቀላል። ዛሬ ያሉት ኪኒኖች በአብዛኛው ለ12 ሳምንት ተውጠው ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆነውን ሰው ያድናሉ።

የኪኒኑ ታሪክ ራሱ አንድ ትምህርት ነው። ቫይረሱ ማንነቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ሃርቪ አልተር፣ ማይክል ሃውተን እና ቻርልስ ራይስ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2020 ኖቤል ተሸልመዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ሶፎስቡቪር የተባለው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ጊሊያድ የተባለው ኩባንያ የ12 ሳምንቱን 84,000 ዶላር አለው። አንዷ ፍሬ 1,000 ዶላር! ያኔ «ይህ የሀብታም በሽታ ነው» ብለን ብንተወው ባልተፈረደብን። ነገር ግን በ2014 ኩባንያው ለሕንድ መድኃኒት አምራቾች ፈቃድ ሰጠ፤ መድኃኒቱን በርካሽ መግዛት ከሚችሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያም ነበረች። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ወርዶ ወርዶ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች በጅምላ ሲገዛ የሙሉ ሕክምናው ኪኒን እስከ 60 ዶላር ደርሷል። ስልካችንን ሽፋኑን አውልቀን እንየው፤ ስንት ጉበት ያወጣል?

አሁን ዓባይን ተከትለን እንውረድ። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ የግብፅ መንግሥት ብልሃርዝያን ለማጥፋት የገጠሩን ሕዝብ በዘመቻ መርፌ ይወጋ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ መርፌው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው በደንብ ሳይቀቀል ይተላለፍ ነበር። ስሙ ገና ያልታወቀ ቫይረስ በመርፌው ጫፍ ላይ ተሳፍሮ አገር አዳረሰ። በ2008 በተደረገ ጥናት ከ15 እስከ 59 ዓመት ባሉ ግብፃውያን ላይ ፀረ እንግዳ አካሉ ከመቶ ወደ 15 በሚጠጉት ተገኘ። በዓለም ከፍተኛው ነበር።

ከዚያስ? በ2014 ከኩባንያው ጋር ተከራክረው የ12 ሳምንቱን ሶፎስቡቪር በ900 ዶላር አገኙ። ቀጥሎ መድኃኒቱን በራሳቸው ፋብሪካ ማምረት ጀመሩ። ከጥቅምት 2018 እስከ ሚያዝያ 2019 ባሉት ሰባት ወራት ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መረመሩ፤ የተገኘበትንም በነፃ አከሙ። በጥቅምት 2023 የዓለም ጤና ድርጅት ሄፓታይተስ ሲን ለማጥፋት ባለው መንገድ የወርቅ ደረጃ የሰጣት የመጀመሪያዋ አገር ግብፅ ሆነች። ያን ጊዜ ድርጅቱን ይመራ የነበረው ደግሞ የኛው አገር ሰው ነው።

እኛ ከግብፅ ጋር በውሃ ጉዳይ አንድ ቃል አናሳልፍም። ጥሩ ነው። ግን መፎካከር ካማረን በዚህስ ለምን አንፎካከርም? የገዛ ስህተቱ ያመጣውን በሽታ ፊት ለፊት አይቶ ሕዝቡን ያከመ አገር ከጎናችን አለ። የኛ ሰው ላይ በብዛት የሚገኘው የቫይረሱ ዝርያም ከግብፆቹ ጋር አንድ ነው፤ ቁጥር 4።

«የኛ ችግር እንደ ግብፅ አይደለም» ይባላል። እውነት ነው፤ በ2016 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የጨመቀ ትንታኔ በኢትዮጵያ ፀረ እንግዳ አካሉን ከመቶ 3 ገደማ ላይ አስቀምጦታል። ግን ሦስት ከመቶ በዚህ የሕዝብ ብዛት ስንት ሚሊዮን እንደሚሆን እስኪ አስሉት። «ሄፓታይተስ ቢ ይብሳል» ይባላል። እሱም እውነት ነው፤ ያው ትንታኔ ቢን ከ7 በላይ አድርጎታል። እና? አንድ ጊዜ ጣት ተወግቶ ሁለቱንም መመርመር ይቻላል። አንዱ ስለባሰ ሌላውን መተው ከየት የመጣ ሒሳብ ነው?

«ገንዘብ የለም» ይባላል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ2005 በነፃ መሰጠት ሲጀምር ገንዘብ ነበረን ወይ? አልነበረንም፤ የውጭ እርዳታ ትልቁን ድርሻ ይዞ ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ ጉዳዩን ጉዳያችን አልን፤ ሬዲዮው አወራ፣ እድሩ አወራ፣ ቄሱም ሼኹም አወሩ። ግድቡንስ ከሊስትሮ ሳንቲም እስከ መምህር ደመወዝ አዋጥተን በ2025 አስመረቅነው የለም ወይ? ደግሞ ከዜሮ አንነሳም። ብዙ ሆስፒታሎቻችን ሳንባ ነቀርሳን የሚመረምሩበት ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ተገቢው ካርትሪጅ ከገባለት ያን ሁለተኛውን ምርመራ ይሠራል። መሣሪያው ቤታችን ተቀምጧል፤ የጎደለው ካርትሪጁና ፈቃዱ ነው። የጤና ሚኒስቴርም በ2016 መመሪያ አውጥቷል። ሕክምናው አገር ውስጥ የለም አላልንም፤ አለ። የለም ያልነው ጠያቂውን ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኤች አይ ቪ በሚመረመርበት ክፍል ሁሉ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ አብረው ይመርመሩ። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ክሊኒክ፣ የጉዞም ይሁን የሌላ፣ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ሰጥቶ ሰውን ከበር ማስወጣት ይከልከል፤ ሁለተኛው ምርመራ የት እንደሚሠራ እና በሽታው እንደሚድን መንገር ግዴታው ይሁን። ሦስተኛ፣ ኪኒኑም ምርመራውም ድሃ እንዲደርስበት በጤና መድን ይሸፈን። ከግንብ ሥር ምላጭ ይዘው የሚቀመጡትን ማስተማርም አይዘንጋ፤ ለዚህ ኢንጂነር አያስፈልገንም።

እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ስለ ስንቱ ጉዳይ ስንት ገጽ ጽፈን፣ ስለዚህ ቫይረስ አንድ መስመር ለመጻፍ የአንዲት ልጅ ወረቀት እስኪመጣ ጠበቅን። ሐምሌ 21 የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ነው። እስከዚያ አንጠብቅ። በዚህ ሳምንት ቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱና «ሄፓታይተስ ሲ መርምሩኝ» በሉ። ካለ እሰየው። «እዚህ አይሠራም» ካሏችሁ የት እንደሚሠራና ለምን እዚህ እንደማይሠራ ጠይቁ፤ መልሱንም ላኩልን፣ አንድ በአንድ እናወጣዋለን።

እኛ ስድስታችን ሰኞ ጠዋት ተቀጣጥረናል። ጉበት እንደሆነች አትጮህም፤ ጩኸቱ የኛ ፈንታ ነው።

ቸር ያሰንብተን።