ኬብሉን ከመጣላችን በፊት እንመርምረው

 

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ብዙ የኤሌክትሪክ መስመሮች ከምሰሶ ወርደው መሬት ውስጥ ገብተዋል። መንገዱ አምሯል፤ ነፋስና የዛፍ ቅርንጫፍ የሚያመጡት መቋረጥም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ የተቀበረ ኬብል ከዓይን የራቀ ነው፤ ሲያረጅ የሚያየው የለም።

መብራት በምሰሶ የሚመጣልን የመሐል ሜዳ ተማሪዎች የአዲስ አበባ ኬብል ምን አገባን የሚል አይጠፋም። የሚያገባን ወጪው ከአንድ ካዝና ስለሚወጣ ነው። የከተማውን ኬብልም የመንዝን ምሰሶም የሚጠግነው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ተወዷል፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ገና ሊያገለግል የሚችል ኬብል ተቆፍሮ ሲጣል፣ ለአንድ የገጠር ቀበሌ ሽቦና ትራንስፎርመር ሊሆን የሚችል ገንዘብ አብሮ ይጣላል። በእኛ ቋንቋ ይህ ኢስራፍ ነው።

ኬብል የሚያረጀው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል አይደለም። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻና 1970ዎቹ በዓለም ላይ ከተቀበሩት ባለ ፕላስቲክ ሽፋን ኬብሎች ብዙዎቹ ከታሰበው ጊዜ ቀድመው ተበላሽተዋል። እርጥበት ወደ ሽፋኑ ሰርጎ ገብቶ ከኤሌክትሪኩ ኃይል ጋር ሲገናኝ፣ ቅርንጫፍ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉዳቶች ይፈጥራል፤ ባለሙያዎች «የውሃ ዛፍ» ይሏቸዋል። ሌላው ደካማ ቦታ መጋጠሚያው ነው፤ በችኮላ የተሠራ መጋጠሚያ ኬብሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መስመሩን ያጠፋል። የቆፋሪ አካፋና ከአቅም በላይ የሆነ ጭነትም አሉ። ዛሬ በብዛት የሚቀበረው ኬብል ውስጡ ያለው ሽቦ ዘወትር ከ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዲሞቅ አልተሠራም። ከዚያ እያለፈ በቆየ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ርካሽ ነው፦ ኬብሉ የት እንዳለፈ፣ መቼ እንደተቀበረና መጋጠሚያው የት እንደሆነ የሚያሳይ ትክክለኛ ካርታ። ካርታ ያለው መሥሪያ ቤት ቆፋሪውን አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ በተደጋጋሚ የሚበላሸውንም ክፍል ይለያል። ቀጥሎ ምርመራ ይመጣል። በጣም ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ባለው ቮልቴጅ የሽፋኑን ጤንነት መለካት ይቻላል። ብልሽት ሲደርስም በኬብሉ ውስጥ የሚላክ አጭር ምልክት ተንጸባርቆ የሚመለስበት ጊዜ ብልሽቱ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ይጠቁማል። ቦታውን በግምት እየፈለጉ በከፍተኛ ቮልቴጅ ደጋግሞ መምታት ግን ያረጀውን ሽፋን ይበልጥ ሊጎዳው ይችላል። ምርመራው መጋጠሚያውን ብቻ ከወቀሰ መጋጠሚያው ብቻ ይቀየር።

ሽፋኑ ራሱ በውሃ ዛፍ ከተጎዳም ሁልጊዜ አይጣልም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ ሲሊኮን ያለበት ፈሳሽ በሽቦው ክሮች መካከል ይገፋል። ፈሳሹ ወደ ሽፋኑ ሰርጎ ከእርጥበቱ ጋር ይዋሃድና ጉዳቱን ይሞላል፤ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር አይቆፈርም። ይህ ለሁሉም አይሆንም፦ ሽቦው ድፍን ከሆነ ፈሳሹ ማለፊያ የለውም፤ በዘይት የራሰ ወረቀት ለተጠቀለለበት አሮጌ ኬብልም አልተሠራም። የትኛው ይድናል፣ የትኛው አይድንም የሚለውን የሚለየው እንግዲህ ያው ምርመራው ነው።

የመንዝ ሰው ይህን አሠራር አያጣውም። የጓሳን ሣር ለዘመናት ያቆየው በቄሮ ሥርዓት ነው፤ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚታጨድ ተወስኖ፣ ጠባቂ ተመድቦለት። ከጓሳ የምንማረው የጋራ ሀብት የሚቆየው የሚከታተለው ሲኖር መሆኑን ነው።

አቋማችን ግልጽ ነው፦ ሳይመረመር የሚቀየር ኬብል አይኑር፤ ሳይመረመር የሚተውም አይኑር። አዲስ የሚቀበረው ደግሞ ካርታው ከመጀመሪያው ቀን ይያዝለት። የምህንድስና ተማሪ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች የመመረቂያ ሥራችሁን ስትመርጡ ይህንን አስቡበት፤ መረጃ መመዝገብና ብልሽትን መተንተን ውድ ቤተ ሙከራ አይፈልግም። ነገ በመሥሪያ ቤት ወንበር ስትቀመጡ በእጃችሁ የሚገባው የሕዝብ አማና ነው። መብራት እስከ ዛሬ ያልደረሰው የገጠር ቤት ድርሻም በዚያ አማና ውስጥ አለ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።