ስለ ጫካ ቡናና ስለ ባሕር ሸርጣን

ልጆች ሆይ፤ ሁለት ፍጥረቶችን ላስተያያችሁ እወዳለሁ። አንዱ ዐሥር እግር ያለው፣ ወደ ጎን የሚሄደው የባሕር ዳር አረንጓዴ ሸርጣን ነው። ሁለተኛው በካፋ፣ በኢሉባቦርና በባሌ ጫካ ሰው ሳይተክለው የሚበቅለው ቡና ነው።

የሸርጣኑ አገር የአውሮፓ ዳርቻ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1817 ዓ.ም. ከመርከብ ጋራ ሳይታሰብ ተሻግሮ በአሜሪካ ታየ፤ በኋላም ወደ አውስትራልያና ወደ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። ብርዱንም ሙቀቱንም ይችላል። ሴቲቱ በአንድ ጊዜ እስከ 185,000 ዕንቍላል ትጥላለች። አጥማጆች ሲሳያቸውን ስለሚበላባቸው በወጥመድ ይይዙታል፤ እርሱ ግን አያልቅም። ይህን የምለው ሸርጣኑን ለመንቀፍ አይደለም፤ እርሱም የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው።

ቡናም በመርከብ ተጉዟል፤ ነገር ግን ሰው መርጦ ወሰደው። ጥቂት ዘር ከኢትዮጵያ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሕንድና ወደ ጃቫ ሄደ። በ1706 አንድ ተክል ከጃቫ ወደ አምስተርዳም ተወሰደ፤ በአሜሪካ አገሮች ከተተከለው ቡና ብዙው የዚያ ተክል ልጅ ነው። ስለዚህ የእርሻ ቡና ቍጥሩ እጅግ ሲበዛ ዘሩ ጥቂት ነው፤ አንዱን የገደለ ደዌ ሌላውንም ይገድላል። በ1869 በሴይሎን ደሴት፣ ዛሬ ስሪላንካ በምትባለው፣ የቡናውን ቅጠል እንደ ዝገት ያለ በሽታ ያዘው። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ቡናው ጠፍቶ በእርሻው ላይ ሻይ ይተከል ነበር።

«ገበያው በቡና ሞልቶ ሳለ ቡና እንዴት ይጠፋል?» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ይህን ንግግር አልቀበለውም። ሸርጣኑን የሚቈጥር ሰው ራሱን ሸርጣኑን ይቈጥራል፤ የገበያውን ቡና የሚቈጥር ግን የጫካውን አልቈጠረም። ደዌንና ድርቅን የሚታገሥ ልዩ ልዩ ዘር የሚገኘው በጫካው ውስጥ ነው፤ ያም ከጠፋ በገንዘብ አይመለስም። የዕፅዋት ሊቃውንት በ2019 ከ124 የዱር ቡና ዓይነቶች 75ቱ ለመጥፋት እንደሚያሠጉ ጻፉ፤ የእኛም የጫካ ቡና ከእነዚህ አንዱ ነው።

የጫካ ቡና ጥላ ይወዳል። ነጭ አበባው ከዝናብ በኋላ ፈክቶ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ይቈያል። ታላላቆቹ ዛፎች ሲቈረጡ ፀሐይ ያቃጥለዋል፤ እንደ ሸርጣኑም ወደ ሌላ ስፍራ አይሸሽም። የካፋና የያዩ ጫካ በ2010 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን መጥረቢያ የያዘው ሰው መዝገብ አያነብም፤ ልጆቹም እንጀራ ይሻሉ። ነጋዴው ከጫካ የተለቀመውን ቡና በደኅና ዋጋ ቢገዛው፣ ያ ሰው ዛፉን በቆሎ ሊዘራበት አይቈርጠውም ነበር እላለሁ።