ጥግ ላይ ያለችው አርማ

ጎንደር ከተማ ውስጥ የፈለጋችሁት ቤት ግቡና «ዜና ክፈቱ» በሉ። አባወራው ለልጃቸው የሚሏት ነገር የታወቀ ነው፦ «ኢቲቪ አድርጊው እስቲ!» በ2006 ዓ.ም. ጣቢያው በአዋጅ «የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን» ሲባልና ስሙ ኢቢሲ ሲሆን እሳቸው ኢቲቪ ነበር የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ2018 ቻናሎቹ በአዲስ አርማ ተመልሰው «ኢቲቪ» ሲባሉ ደግሞ መመለሱን ልብ አላሉትም። ለእሳቸው መቼ ሄዶ! (የክልላችን ጣቢያም አብመድ ሲባል ኖሮ በ2013 ዓ.ም. አሚኮ ሆኗል። እሱን እንኳ ቶሎ ለምደውታል፤ ለአፍ ይቀላል መሰለኝ።)

ስም መቀየር ኃጢአት አይደለም። ግን ያቺ ጥግ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ አርማ ጌጥ ብቻ አይደለችም፤ ፊርማ ናት። «ይህን ያሳየኋችሁ እኔ ነኝ፤ ጥያቄ ካላችሁ እኔን ጠይቁ» ማለት ነው። ታዲያ የእኛ ጣቢያ በታሪካችን ትልልቆቹ ምስሎች ላይ ፈርሟል ወይ?

ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በእንግሊዙ ቶምሰን ኩባንያ እገዛ ተጀመረ፤ ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ወሎ በረሃብ አለቀች። ካሜራ ይዞ ሄዶ ያሳየው ግን እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ነው። ፊልሙ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለንደን ላይ ታየ፤ የሠራው ደግሞ ቴምስ ቴሌቪዥን ነው። የቴምስን አርማ አይታችሁት ታውቃላችሁ? የለንደን ሕንፃዎች በወንዙ ውሃ ላይ ጥላቸው ሲያርፍ። የወሎ ገበሬ ሞት የተመዘገበው በለንደን ወንዝ ስም ነው ማለት ነው።

የእኛ ጣቢያ ያንን ፊልም ያሳየው ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በደርግ ትዕዛዝ ነው። በመሃል በመሃሉ የቤተ መንግሥት ድግስ ገብቶበት። በማግስቱ ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ። ለአንዱ መንግሥት የማይታይ የነበረው ለሚቀጥለው መሣሪያ ሆነ፤ ሟቾቹ በሁለቱም ጊዜ የጣቢያው ጉዳይ አልነበሩም።

አሁን ወደ 1977 ዓ.ም. እንዝለል። ኢሠፓ ተመሠረተ፤ በዓሉን ምክንያት አድርጎም ቴሌቪዥናችን በመደበኛነት በቀለም ማሰራጨት ጀመረ። ደስ ይላል! ቀለሙ ግን ለሰልፉና ለባንዲራው ነበር። ጥቅምት 13 ቀን፣ ሰልፉ ካለፈ ገና ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኮረም ላይ የተኮለኮለውን ሕዝብ በቀለም ለዓለም ያሳየው ቢቢሲ ሆነ፤ ዘጋቢው ማይክል ቡርክ፣ ካሜራማኑ ኬንያዊው መሐመድ አሚን። ቀለሙ ነበረን፤ ፊርማው ግን የሌላ ሰው ነው።

«ያ ያለፈ ነው» የምትሉኝ ካላችሁ በ2016 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ እንውጣ። ጃን አሞራ፣ በየዳ፣ ጠለምት በድርቅ ተመቱ። ክልሉ ውጊያ ላይ ነበር፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተቋርጦ ነበር፤ ስለዚህ ወጣቱ በስልኩ ቀርፆ ልልቀቀው ቢል መንገድ አልነበረውም። ዜናው ጨርሶ አልተሠራም አልልም፣ ተሠርቷል። ግን ነገ የልጅ ልጆቻችን የጃን አሞራን ድርቅ ማየት ቢፈልጉ የማንን አርማ ይሆን ጥግ ላይ የሚያዩት? እኔ ጋዜጠኝነት የተማርኩት ሰውዬ፣ መልሱን ገምቼዋለሁ፤ ግምቴም አያስደስተኝም።

ቴምስ ፈቃዱን ተነጥቆ እ.ኤ.አ. በ1992 መጨረሻ ከአየር ወርዷል። የሠራው ፊልም ግን አለ፤ ማን እንደሠራውና መቼ እንደተሠራ ተጽፎበት ተቀምጧል። የእኛዎቹ ደግሞ የድሮ ምስል ሲያወጡ የዛሬውን አርማ ጥግ ላይ ለጥፈው ዝም ነው። ዓመቱ የለም፣ የቀራጩ ስም የለም፣ በዚያን ጊዜ ጣቢያው ማን ይባል እንደነበርም የለም።

ስለዚህ የሚቀጥለው አርማ ከመሣሉ በፊት (መቼም አይቀርም!) አንድ ትንሽ ነገር ይደረግልን። የድሮ ምስል በታየ ቁጥር ከሥሩ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ዓመቱ፣ ቦታው፣ የካሜራማኑ ስም። ካዝናውም ለተመራማሪና ለተማሪ ይከፈት። ለዚህ ገንዘብ የለንም እንዳይሉን፤ ለአርማ መቀየሪያ ሁልጊዜ ይገኛል።