የሰፈራችንን ሱቅ ማን ይሳለው?



ዛሬ ስለ ኮሚክስ ላወራችሁ ነው። «ፈተና ደርሶ ኮሚክስ?» የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሱኝ።

አዲሱ ገበያ ያደገ ሰው የግብፃዊቷን ሠዓሊ የዲና ሙሐመድን «ሹበይክ ሉበይክ» ሲያነብ ታሪኩ ካይሮ ውስጥ መሆኑን ሊረሳ ይችላል። የመጽሐፉ መነሻ አንዲት የመንገድ ዳር ሱቅ ናት። በዚያ ዓለም ምኞት እንደ ለስላሳ በጠርሙስ ታሽጎ ይሸጣል። ባለሱቁ ሹክሪ አንደኛ ደረጃ የሚባሉ ሦስት ምኞቶች እጁ ላይ አሉ፤ ምኞት መጠቀም ሐራም ነው ብሎ ስለሚያምን ግን ለራሱ አይነካቸውም። አንዷን የምትገዛው ዐዚዛ ባሏ የሞተባት ድሃ ሴት ናት። ለፍታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ገዝታ ስታበቃ፣ «አንቺ ይህን ከየት አመጣሽ?» ተብላ ትታሰራለች። ወረቀት ለማስጨረስ ከመስኮት መስኮት የተንከራተተ ሰው ይህን ክፍል ማንም ሳያብራራለት ይረዳዋል። ሌላኛዋ ምኞት የምትደርሰው ሀብታም ቤት ላደገ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ተማሪው በድብርት ይሰቃያል፤ ምን ብሎ እንደሚመኝ እንኳ ይጠፋዋል። እኛ ዶርም ውስጥ «ኢማንህ ደክሞ ነው» ብለን በአንድ ቃል የምናልፈውን ጉዳይ እሷ ገጽ በገጽ፣ በትዕግሥት ሥላዋለች።

ዲና የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ የ18 ዓመት ወጣት ነበረች። «ቃሂራ» የምትባል ሒጃብ የለበሰች ጀግና ሥላ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀች። ቃሂራ በአንድ በኩል መንገድ ላይ ሴት የሚለክፉትን ትገጥማለች፤ በሌላ በኩል ደግሞ «ሒጃብሽን አውልቀን ነፃ እናወጣሻለን» የሚሉ ምዕራባውያንን ታሳፍራለች። ሁለቱንም በአንድ እጅ! ቀጥላ የ«ሹበይክ ሉበይክ»ን የመጀመሪያ ክፍል ራሷ አሳትማ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ካይሮ የኮሚክስ ፌስቲቫል ይዛው ሄደች፤ ታላቁን ሽልማት ወሰደች። ሙሉው ሥራ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመችውም ራሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሲታተም የገጹ አቅጣጫ እንደ ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ እንደሆነ ቀረ። የኒውዮርክ አንባቢ መጽሐፉን እኛ «ከኋላ» በምንለው በኩል ይከፍተዋል። ለእኔ ይሄ ከሽልማቱ ይበልጣል።

በኛም አገር ሰው አልጠፋም። ብሥራት ደበበ ኤታን ኮሚክስን መሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ጀግናው አማኑኤል ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ከዚህ የበለጠ እኛን የሚመስል ጀግና ከየት ይመጣል? ቀጥሎ የመጣችውን «ሐዊ»ን ለማሳተም በኪክስታርተር ከአንባቢዎች ገንዘብ ተሰበሰበ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር ሠዓሊ ግን ይህ በር ዝግ ነው፤ ኪክስታርተር ከኛ አገር ፕሮጀክት አይቀበልም። እዚህ ያለ ሰው የሚቀረው ቴሌግራም ቻናል፣ ቴሌብርና የሰፈሩ ማተሚያ ቤት ነው። ብቻውን የሚሠራ ሠዓሊ ደራሲም፣ አራሚም፣ ማተሚያ ቤት ተመላላሽም፣ ሻጭም እሱው ነው። አንድ ገጽ ለመሣል ቀናት ይፈጅበታል፤ አንባቢው በግማሽ ደቂቃ ጨርሶ «ቀጣዩ መቼ ነው?» ይለዋል።

ታሪክን በሳጥን ከፋፍሎ መሣል የፈረንጅ ነገር ነው የምትሉኝ ካላችሁ፣ ቸርችል ጎዳና የቅርስ መሸጫ ሱቆች ውስጥ የሚንጠለጠለውን፣ ብዙ ጊዜ በ44 ሳጥን የሚሣለውን የንግሥተ ሳባ ታሪክ ሄዳችሁ እዩ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። ሕይወት ያለውን ነገር መሣል በጥቅሉ አይፈቀድም የሚሉ ዑለሞች ብዙ ናቸው። ጥላ ያለውን ሐውልት ከወረቀት ሥዕል የለዩም አሉ፤ ከዘመናችን ዩሱፍ አል-ቀርዳዊ «ሐላልና ሐራም» በተሰኘው መጽሐፋቸው ይህን መንገድ ይዘዋል። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ጥያቄውን ለምታምኑት ኡስታዝ አቅርቡ። የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተከታታይ ፊልም ሲያይ ያደረ ልጅ ጠዋት የእህቱን የሥዕል ደብተር አይቶ «አስተግፊሩላህ» ሲል! ፍርዱ ለእርሳስ ብቻ ከሆነ ፍርድ ሳይሆን ንቀት ነው። ጥንቃቄ ለመረጠም ቢሆን መንገድ አለ፤ ፊት ሳይሣል እጆችን፣ የሱቅ መስኮትን፣ የታክሲ ወረፋን፣ የሚነጋገሩ ሰዎችን ጀርባ እየሣሉ ታሪክ መንገር ይቻላል። ምናልባትም የተሻለ ታሪክ ይወጣው ይሆናል።

ምክንያቱም ሌላው ሲሥለን ምን እንደምንመስል እናውቀዋለን፤ ወይ የገበያ ነጋዴ፣ ወይ ከሩቅ የሚታይ ሚናራ። ለመውሊድ ቤት ስታዘጋጅ ያመሸች እናት፣ ረመዳን ላይ ከላብ ወጥቶ ለማፍጠር የሚሮጥ ተማሪ፣ ከሽሮ ሜዳ በኩል ሸማ ተሸክሞ የሚወርድ ሸማኔና ከሱ ጋር የሚሟገት ሙስሊም ደንበኛው ገጽ ላይ የሉም። እነዚህን በቅርብ የሚያውቃቸው እዚህ የሚኖር ሰው ነው።

ስለዚህ ለኅትመት ኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የመጽሔታችን የመጨረሻ ሁለት ገጾች ለተከታታይ ኮሚክስ ይሰጡ። ሠዓሊው በነፃ አይሥራ፤ ከመዋጮው ቢያንስ የወረቀትና የቀለም ይከፈለው። አራት ክፍል ሲሞላ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ከጁሙዓ በኋላ ይሸጥ፣ ትርፉም ለሠዓሊው ይሁን። የምትሥሉ ካላችሁ ረቂቁን በእርሳስም ቢሆን አምጡ፤ ስካን የማድረጉን ሥራ እኔ እወስዳለሁ፣ ኢንሻአላህ።