ከፎቅ የሚንጠባጠብ ውሃና የጎረቤት ሐቅ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ ስለ ሽንት ቤት ነው። ርዕሱ ለጽሑፍ የማይመጥን የሚመስለው ካለ፣ አብዛኞቹ የፊቅህ ኪታቦች የሚጀምሩት በጠሃራ ምዕራፍ መሆኑን ያስታውስ። ዑለማዎቻችን ስለ ውሃና ስለ ነጃሳ ከመናገር አላፈሩም፤ እኛም አናፍርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንዱ የወንዶች ብሎክ፣ ምድር ላይ ባለ አንድ ዶርም ጣሪያ ላይ መጀመሪያ ቢጫ እርጥበት ታየ፤ ቀስ በቀስም መንጠባጠብ ጀመረ። ከክፍሉ በላይ ያለው የአንደኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት ነው። ጠብታው የሚያርፈው በሁለት አልጋዎች መካከል፣ የዶርሙ ልጆች መስገጃ በሚያነጥፉበት ቦታ ላይ ነው። ወዲያው ሦስት ወሬዎች በብሎኩ ተሰራጩ። አንዱ «ውሃው ነጃሳ ነው፤ እዚያ የሰገደ ሁሉ ሶላቱን ይመልስ» ይላል። ሁለተኛው «ሙስሊሞቹ በሲንክ እግራቸውን እየታጠቡ ነው ወለሉን ያበሰበሱት» የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከራሳችን ወንድሞች የመጣ ነው፦ «ምንጩ እስካልታወቀ ድረስ ውሃው ንጹህ ነው፤ ስለዚህ ባንመረምረው ይሻላል።»

ሦስቱም ወሬዎች የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማንም ሳያይ የተነገሩ ናቸው።

ሦስተኛው ሐሳብ ማስረጃ ይዞ ስለመጣ ከእሱ እንጀምር። በኢማም ማሊክ ሙወጠእ ውስጥ እንደተዘገበው፣ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ከመንገደኞች ጋር ሆነው ወደ አንድ የውሃ ገንዳ ደረሱ። አምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) አራዊት ከገንዳው ይጠጡ እንደሆነ ባለቤቱን ሲጠይቁት፣ ዑመር ባለቤቱ መልስ እንዳይሰጥ ከለከሉት። ዑለማዎች ከዚህና ከመሰል ማስረጃዎች የተረዱት ትልቅ ቃዒዳ አለ፦ እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይፈርስም። የውሃ መሠረቱ ንጽሕና ነው። ምንጩን ያላወቅነው ጠብታ ልብሳችን ላይ ቢያርፍ ልብሱ ነጃሳ ነው አይባልም፤ ዞረን እንድንጠይቅም አልተገደድንም። ስለዚህ «ሶላታችሁን መልሱ» የሚለው የመጀመሪያው ወሬ መሠረት የለውም። ለወስዋስ በር ይከፍታል እንጂ ጠሃራን አይጠብቅም።

ነገር ግን ይህ ቃዒዳ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «የእኔ ልብስ ንጹህ ነው ወይ?» የሚለውን። «ከእኛ በታች ያለው ሰው እየተጎዳ ነው ወይ?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ዑመር ገንዳውን አልፎ የሚሄድ መንገደኛ ነበሩ፤ በገንዳው ምክንያት የማንም ቤት አልፈረሰም፣ የማንም አልጋ አልራሰም። ለኢባዳ የተሰጠንን ማቅለያ ወስደን የጎረቤትን ሐቅ መሸፈኛ ካደረግነው ከቦታው አውጥተነዋል። በሸሪዓችን ጉዳት ይወገዳል፤ ምንጩ ያልታወቀ ጉዳት ደግሞ ሊወገድ አይችልም።

የፎቅ ቤት ጉዳይ ለፉቀሃዎች አዲስ አይደለም። በዑስማኒያ መንግሥት ዘመን፣ ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት፣ በሐነፊ መዝሀብ ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀው «መጀላ» የተሰኘ የሕግ ስብስብ በአንቀጽ 1192 ይህንኑ ያነሳል። የላይኛው ፎቅ ባለቤት በታችኛው ላይ የመቆም ሐቅ አለው። የታችኛው ባለቤት ደግሞ በላይኛው ላይ የጣሪያ ሐቅ አለው፤ ማለትም ከፀሐይና ከዝናብ የመጠለል ሐቅ። አንዱ ሌላውን የሚጎዳ ነገር ያለ ፈቃዱ መሥራት አይችልም። ከዝናብ መጠለል ሐቅ ከሆነ፣ ከሽንት ቤት ውሃ መጠለል ምን ያህል ይበልጥ?

ከዚህም በፊት ቡኻሪ የዘገቡት፣ በሁለት ደርብ መርከብ ስለተሳፈሩት ሰዎች የሚናገረው ሐዲስ አለን። ከታች ያሉት ውሃ ፍለጋ ወደ ላይ መመላለሱ ሲከብዳቸው ወለሉን ሊበሱ አሰቡ። ዝም ቢሏቸው ሁሉም ይሰምጣሉ፤ እጃቸውን ቢይዟቸው ሁሉም ይድናሉ። ብዙዎቻችን ይህን ሐዲስ በዳዕዋ ላይ ሰምተነዋል። ብሎካችንም ሁለት ደርብ ነው።

ታዲያ ፍለጋው እንዴት ይካሄዳል? የታችኛው ዶርም ልጆችና የላይኛው ፎቅ ልጆች አብረው ያደረጉትን እናካፍላችሁ፤ በእህቶች ብሎክም ሊጠቅም ይችላል።

መጀመሪያ ጥንቃቄ። ጠብታው በአምፖል ወይም በሶኬት አጠገብ ከሆነ የክፍሉ መብራት ከቆጣሪው ይጥፋ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳያይ አይብራ። ይህ ከሁሉም ይቀድማል።

ቀጥሎ ጠብታው መቼ እንደሚመጣ መመዝገብ ነው። ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚንጠባጠብ ከሆነና የግቢው ውሃ ሲቋረጥ እሱም የሚቆም ከሆነ፣ ጥርጣሬው ንጹህ ውሃ በሚያመጣው ቧንቧ ላይ ነው። ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ጥርጣሬው በመቀመጫው መውጫ ወይም በፍሳሽ ቱቦው ላይ ነው። ሰዎች ከታጠቡ ወይም ወለል ከተጠረገ በኋላ የሚመጣ ከሆነ፣ ጥርጣሬው በሴራሚኩ መጋጠሚያዎች፣ በወለሉ ፍሳሽ ወይም በሲንኩ ቱቦ ላይ ነው። የዶርሙ ልጆች በግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፈው ለሦስት ቀናት ሰዓቱን ጻፉ። ጠብታው የሚበዛው ጠዋት ከክላስ በፊትና ማታ ከእራት በኋላ ሆኖ ተገኘ። ውሃ በተቋረጠበት ቀን ሰዎች በጄሪካን እያፈሰሱ ሲጠቀሙም አልቆመም። ስለዚህ የንጹህ ውሃው ቧንቧ ከጥርጣሬ ወጣ።

ሁለተኛው በቀለም መሞከር ነው። ከሱቅ የሚገዛ የምግብ ቀለም በውሃ ይበጠበጥና አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይፈሳል፤ ከታች ያለው ሰው ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ ይጠብቃል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሞከር ምንም አያስረዳም። ወለሉ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ለሰዓታት ሊንጠባጠብ ስለሚችል፣ በአንዱ ሙከራና በሌላው መካከል በቂ ጊዜ ይሰጥ። ደግሞም ውሃ በቱቦና በኮንክሪት ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ነው የሚወርደው። ጠብታው ከሲንኩ ሥር ታየ ማለት ቀዳዳው ሲንኩ ላይ ነው ማለት አይደለም።

ልጆቹ በሲንኮቹ ሰማያዊ ቀለም አፈሰሱ፤ ከታች አልታየም። በወለሉ ፍሳሽ አፈሰሱ፤ አልታየም። ከዚያ በየመጸዳጃ ክፍሉ ቀይ ቀለም እየለቀቁ ሲሞክሩ፣ ከጥጉ ባለው ክፍል ሲደርሱ ነጩ ጨርቅ ቀላ። መቀመጫውን ነካ ሲያደርጉት ይነቃነቃል። መቀመጫ ሲነቃነቅ ከፍሳሽ ቱቦው ጋር የሚያገናኘው ጎማ ይላቀቃል፤ ውሃው ከሴራሚኩ ሥር ስለሚያልፍም ከላይ ያለው ወለል ደረቅ ሆኖ ይታያል። «እኛ ጋ ደረቅ ነው» ያሉት የላይኛው ፎቅ ልጆች አልዋሹም ማለት ነው። ከታች ያሉትም አላጋነኑም።

ከዚህ ቀደም ጥገና ሲጠየቅ የተደረገው የጣሪያውን እድፍ በነጭ ቀለም መቀባት ነበር፤ የተጻፈው ጥያቄ «ጣሪያው እድፍ አለው» የሚል ብቻ ነበርና። አሁን የሰዓት መዝገቡና የቀለሙ ውጤት ከፕሮክተሩ ፊርማ ጋር ሲቀርብ፣ የቧንቧ ሠራተኛው የትኛውን መቀመጫ እንደሚያነሳ አውቆ መጣ። መቀመጫው ተነስቶ፣ ጎማው ተቀይሮ፣ በደንብ ታስሮ ተመለሰ። ዙሪያውን ሲሚንቶ መለሰን ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍሳሹ በሌላ በኩል መንገድ ይፈልግ ነበር።

ከተረጋገጠ በኋላ ግን ፍርዱ ይለወጣል። ከመጸዳጃው እንደመጣ የታወቀ ፍሳሽ ነጃሳ ነው። ያረፈበት ወለልና መስገጃ የነጃሳው ሽታና ቀለም እስኪጠፋ በውሃ ይታጠባል። ያለፈውን ሶላት በተመለከተ ዝርዝር የሚፈልግ ወንድም የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ፤ በወሬ ግን አይጨነቅ። ነጃሳን ማቅለልም አይገባም፤ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ከሽንት የማይጠነቀቅ ሰው በቀብሩ ስለሚደርስበት ቅጣት ተነግሮናል።

ሰማያዊው ቀለም ከታች አለመታየቱ ውዱእ አድራጊዎችን ነጻ አውጥቷል። ይህ ግን ወለሉን እያጥለቀለቁ ለመሄድ ፈቃድ አይደለም። የውዱእ ውሃ ንጹህ ነው፤ ንጹህ ውሃም ግን ሰው ያንሸራትታል፣ መጋጠሚያ ያበሰብሳል፣ ከእኛ በኋላ ለሚገባው ሰው ጭቃ ይሆናል። በሃይላንድ ቀድተን፣ ከወለሉ ፍሳሽ አጠገብ እግራችንን ታጥበን፣ የፈሰሰውን በመጥረጊያ ጠርገን ብንወጣ፣ አብሮን የሚኖረው ክርስቲያን ወንድማችን ስለ እስልምና ከብዙ በራሪ ወረቀት የበለጠ ይማራል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ጠብታ ያየ ሰው ከመክሰሱ በፊት ሰዓት ይመዝግብ። ከታች አንኳኩተው የመጡበት ሰው በሩን ከፍቶ አብሮ ይፈልግ። ገጠር ዐረብ በመስጂድ ሲሸና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓቦቹን አስታግሠው አንድ ባልዲ ውሃ እንዲፈስበት አዘዙ፤ ሰውየውም ሳይዋረድ ቦታው ጠራ። በየብሎኩ የጀመዓው ተጠሪዎች የሚነቃነቁ መቀመጫዎችን ከጥገና ጥያቄ ጋር በዚህ ሳምንት መዝግበው ለየፕሮክተሮቻቸው እንዲያስገቡ እንጠይቃለን። ለምግብ ቀለሙ የሚያስፈልገው ጥቂት ብር ነው፤ ከጀመዓው ሳጥን ይሸፈናል ኢንሻአላህ።

አላህ ለጎረቤቶቻችን የምንመች ያድርገን። አሚን።